አንድ ነገር ብቻ ይነግሩን የነበሩት ሲስተር የሺመቤት

በከተማችን ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክሙ የኖሩት ሲስተር የሺመቤት ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ለሚያውቋቸው ሁሉ ስናገር ልቤን እያመመኝ ነው። ብዙዎቻችሁ ቀድማችሁ ሰምታችኋል፤ በባሮ ዳርቻ ወሬ ከሞተር ጀልባ ይፈጥናል። በማታር ያላችሁ፣ በአቦቦ ያላችሁ፣ ገና ያልሰማችሁ ካላችሁ ግን ከእኔ ስሙት። ወባ ነው የወሰዳቸው፤ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ። የሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሲጠይቁ የኖሩ ሴት በዚያው በጭንቅላታቸው ተሸነፉ። ይህንን ነገር ከፈጣሪዬ ጋር ገና ተነጋግሬ አልጨረስኩትም።

እኔ ኦጁሉ እባላለሁ፤ በሆስፒታሉ አስተርጓሚ ነኝ። አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና አማርኛ እናገራለሁ፤ በሦስቱም የሚሰድቡኝ አሉ። ለአርባቸው እንዲነበብ ይህን ጽሑፍ ጻፍ ያሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። «አንተ አፋቸው ነበርክ» አሉኝ። እውነት ነው፤ አፋቸው ነበርኩ። አፍ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሲስተር የመጡት ክልላችን ገና ክልል በሆነበት ዘመን ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይኖራቸው ሰሌዳ የተሰቀለላቸው፣ ሰው ሁሉ ሹመት የሚጠብቅበት ጊዜ። በጎጃም ተወልደው፣ በአዲስ አበባ የአእምሮ ነርስነት ተምረው፣ ለአጭር ጊዜ ተብለው መጡና በዚያው ቀሩ። ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ አንገላቷቸዋል። ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ውኃ ነክረው ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ይሠሩ ነበር፤ ሕሙማኑ ያዩዋቸውና «ሲስተርም እንደ እኛ ናት» ይሉ ነበር። ይህንንም ተርጉሜላቸዋለሁ። በጣም ሳቁ።

የተሰጣቸው ክፍል ጠባብና የታፈነ ነበር። እርሳቸው ግን ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ በሚያይ ማንጎ ዛፍ ሥር ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩ እዚያው ሆነ። ከታች ባሮ ይሄዳል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድምፅ ይመጣል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ሕመምተኛው፣ ሲስተር፣ እኔም። የማንጎው ጥላ ከአንዳችን ጉልበት ወደ ሌላችን ጉልበት ሲሻገር እያየን እንቆያለን። ዛሬ ሳስበው ያ ሁሉ ሥራ መሆኑ ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ የምናልም ነበር የሚመስለኝ።

ከሲስተር ጋር በሥራ ብቻ ሳይሆን በቤትም ያስተሳሰረን የታላቅ ወንድሜ የኦሞድ ሕመም ነው። ኦሞድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ድምፆች ከውኃው ውስጥ ይጠሩት ጀመር። ታንኳው ላይ ቆሞ መልስ ይሰጣቸዋል፤ አንድ ቀን ጭራሽ ወደሚጠሩት ዘሎ ገባ። ካወጡት በኋላ ጸሎት ቤታችን ጸለየለት፤ ዘመዶች ደግሞ ከግንድ ጋር አሰሩት። ሲስተር መጥተው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሕመሙ ስኪዞፍሬንያ እንደሚባል፣ መርገም እንዳልሆነ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገሩን። «ጸሎታችሁን አትተዉ፤ ኪኒኑን ደግሞ እኔ አልተውም» አሉ። ሰንበትበት ብሎ ኪኒኑ ሠራ። አንድ ቀን በማንጎው ሥር፣

«ኦሞድ፣ ድምፆቹ ሄዱ?» ብለው ጠየቁት።

«ሄደዋል። ወንዙ ጸጥ ብሏል» አለ ወንድሜ። «እኔም ጸጥ ብያለሁ።»

የመጀመሪያውን ስንሰማ ደስ አለን። ሁለተኛውን ያደመጡት ሲስተር ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ጭንቀት የመጣው። ኦሞድ ድኗል ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን መረብ አምጣ ሲባል ሄዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ለምን እንደሄደ ጠፍቶበታል። መቅዘፊያውን ይዞ ታንኳውን ሳይፈታ ይቀራል። ሚስቱ አቻላ «ውኃ ቅዳ፣ ስትመለስ ፍየሏን እሰራት፣ እናትህንም ጥራልኝ» ትለዋለች፤ ውኃውን ይቀዳል፣ ሌላው ይጠፋዋል። ሲጠፋው አይጠይቅም፤ ያፍራል። ሰዉ ደግሞ «ሰነፈ» አለው። ዕብድ ሲሉት ያላለቀሰ ሰው ሰነፍ ሲሉት አለቀሰ።

ታንኳው የሟቹ አባታችን ነው፤ የሚጠብቀው ግን የቤታችን ትልቅ ሰው አጎታችን ኦባንግ ናቸው። አጎታችን ወደ ማንጎው መጡ። እንደ ብዙ የአገራችን ሽማግሌዎች አማርኛን ያወቁት በሥራ ቦታ ስለሆነ አንተና አንቺ እንጂ እርስዎ አያውቁም።

«አንቺ ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ድኗል አልሽ» አሉ። «የዳነ ሰው መረቡን ይረሳል? ታንኳ ለሚያስታውስ ሰው ነው። ውኃው ሲጎድል ታንኳውን ለሌላው አጎቱ ልጅ እሰጣለሁ።»

በእኛ ዘንድ ታንኳ ዓሣ ብቻ አይደለም። ኦሞድ ታንኳውን ከተነጠቀ አቻላ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች፤ እርሱም ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሰው መረብ ሲያይ ይውላል። አጎቴ በራሳቸው አማርኛ ስለተናገሩ የምተረጉመው አልነበረኝም፤ ቆሜ የወንድሜን ዕጣ ሰማሁ።

ሲስተር በትምህርት ቤት ሳሉ የአንድ ሐኪም ጥናት አግዘው ነበርና ያን ጊዜ የጀመራቸው ጥያቄ አልለቀቃቸውም። ድምፆቹ በመድኃኒት ሲጠፉ ትውስታው ለምን አብሮ አይመለስም? የድሮውን ትውስታ ማለታቸው አልነበረም። ኦሞድ አባታችን የሞተበትን ዕለት፣ የእያንዳንዱን ዓሣ ጠባይ፣ የወንዙን መታጠፊያ ሁሉ ያውቃል። የጎደለው የሥራ ትውስታ የሚሉት ነው፤ አንድን ነገር ለአፍታ በእጅ ይዞ እንደመሥራት ያለ።

ያንን ለመለካት ቁጥሮችን በተርታ ይጠሩ ነበር፤ ሕመምተኛው ሰምቶ በቅደም ተከተል ይመልሳል። ሲስተር በአማርኛ ይጠራሉ፤ እኔ ወደ አኙዋክኛ እመልሳለሁ፤ ሕመምተኛው በአኙዋክኛ ይላል፤ እኔ ወደ አማርኛ አመጣለሁ። የብዙ ሰው ውጤት ዝቅ አለ። ሲስተር ቅር እያላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዲያ አንድ ቀን ለማነጻጸር ብለው ጤነኛዋን አቻላን ጠየቋት። አቻላ ወደቀች። የጸሎት ቤታችንን መዝሙር ሁሉ በቃሏ የምታወርድ፣ የገበያተኛውን ሁሉ ብድር በአእምሮዋ የምትይዝ አቻላ ወደቀች! «ሲስተር፣ እኔም ልታመም ነው?» አለች ደንግጣ።

ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ፤ አየኋቸው። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

«ኦጁሉ፣ ስንት ወር ሙሉ ስለካ የኖርኩት የእነሱን አእምሮ አይደለም» አሉ። «የእኔን አማርኛና የአንተን ድልድይ ነው። ቁጥሩ ድልድዩን ሁለቴ ሲሻገር ያረጃል እኮ።»

እንደገና ጀመሩ። ቁጥሩን ትተው የባሮን ዓሦች ስም በቋንቋችን እኔ እንድጠራ አደረጉ፤ እርሳቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። አቻላ ሙሉውን ተርታ አምባዛውንም ቆሮሶውንም ሳታጎድል አወረደችው። ኦሞድ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ካሉት ጥቂቶቹን አለና ቆመ። ዓሦቹን ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ሰው መሆኑን አስቡ። ወንዙን ተመለከተ፤ የቀሩት እዚያ የገቡ ይመስል ውኃውን ቆይቶ አየው። ያን ጊዜ ሲስተር አልሣቁም። ስሕተቱ ተለቅሞ ሲወጣ ሕመሙ ብቻውን ቀረ፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ አወቅነው።

የታንኳው ውሳኔ በአጎታችን እጅ እንደሆነ ስላወቁ ሲስተር በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አጎታችን ኦባንግ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የሚቀመጡት የድሮው ወደብ በነበረበት ቦታ ነው። በወጣትነታቸው እዚያ ሸካሚ ነበሩ፤ ከሱዳን በሚመጡ መርከቦች ላይ የቡና ጆንያ ይጭኑ ነበር። ሲስተር አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስለ ኦሞድ ምንም አላነሡም።

«አባባ፣ መርከቡ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር?» አሉ።

«በክረምት ነው እንጂ» አሉ አጎታችን። «በበጋ ውኃው ይጎድላል፣ መርከቡ ሩቅ ይቀራል። እኛ እዚህ ቆመናል፤ ጆንያው አለ፣ ሸካሚው አለ፣ ገመድ ማሰሪያው አለ። መርከብ የለም።»

«ውኃው ሲበዛስ?»

«ሲበዛም ክፉ ነው። ማሰሪያውን ይሸፍነዋል። መርከቡ ይመጣል፤ የት ይታሰር?»

ሲስተር ውኃውን አዩ። ሙቀቱ በወንዙ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ቆሞ ነበር፤ ያ የሌለው መርከብ ከመጋረጃው ኋላ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እኔም ቀስ ብዬ ተረጎምኩ።

«አባባ፣ እዚህ ከግንባራችን ኋላ እንዲህ ያለ ወደብ አለን። ማሰሪያዎቹ ተቀባዮች ይባላሉ፤ በዓይን አይታዩም። የሚመጣባቸው መርከብ ዶፓሚን ይባላል። ሲያንስም ሥራ የለም፣ ሲበዛም ሥራ የለም፤ ልኩን ሲያገኝ ብቻ ነው ሰው የተባለውን ይዞ የሚሠራው። የኦሞድ ኪኒን በሌላ በኩል ያለውን ጎርፍ ገደበለት፤ ድምፆቹ ለዚያ ነው የጠፉት። በፊት በኩል ያለው ወደብ ግን በጋ ላይ ነው ብለው የሚጽፉ ተመራማሪዎች አሉ። እርግጡን ገና አላወቁትም። ውኃውን የሚሞላ ኪኒንም የለኝም፤ አልዋሽዎትም።»

አጎታችን በአማርኛ፣ እኔን አልፈው፣ በቀጥታ ለእርሳቸው መለሱ፦

«በበጋ ታዲያ ሥራ ፈተን እንቀመጥ ነበር መሰለሽ? ትንሽ ታንኳ እናመጣለን። ትልቁን ጭነት አይችልም። አንድ ጆንያ ይወስዳል፣ ይመለሳል። ደግሞ አንድ ጆንያ።»

ሲስተር ዘወር ብለው አዩአቸው። «አንድ ጆንያ» አሉ።

«አንድ ጆንያ። ቀስ ይላል እንጂ ይደርሳል።»

በዚያ ድንጋይ ላይ ተነጋገሩ። አጎታችን እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ ታንኳው ኦሞድ ጋ ይሁን። አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ። አንቺ የሄድሽ ቀን እወስደዋለሁ።» ሲስተርም «እሺ አባባ» አሉ። እኔ እንደማምነው ለአጭር ጊዜ የመጡት ሴት እዚህ የቀሩት በዚያ ቃል ነው። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም፤ የሚጠየቅ ሴት አልነበሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሕግ ወጣ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ሲጨርስ ሌላውን» አሉን። ቀላል መሰለን። እስቲ እናንተ ሞክሩት! ሰው ሳያውቀው ስንት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ እንደሚያዝዝ ያኔ አየን። አቻላ አፏን በእጇ እየያዘች ለመደች። የገበያ ሴቶች አፌዙብን፤ «ኦጁሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ሽንኩርት ግዛ» ይሉኝ ነበር። ሲስተር ታንኳው ዘንድ ወርደው ከኦሞድ ጋር ዕቃውን በተርታ አስቀመጡ፤ መረቡ ከመቅዘፊያው ጋር ታስሮ፣ መቅዘፊያው ከታንኳው ገመድ ላይ ተጋድሞ፣ አንዱን ሳያነሣ ሌላው እንዳይነሣ። «ራስህ የማይዘውን ታንኳው ይያዝልህ» አሉት። ከአዲስ አበባ ሐኪሞች ጋር በሬዲዮ ተማክረው ኪኒኑንም በጥቂቱ ቀነሱለት፤ ያን ወር ድምፆቹ ይመለሱ ይሆን ብለን ሁላችን በጆሯችን ኖርን። አልተመለሱም። ኦሞድ ትንሽ ነቃ። ትውስታው ግን ያው ነው፤ ሲስተርም «ተሻለው» ብለው አንድም ቀን አልዋሹም።

ከሁሉ የከበደው ሁለተኛው ሕጋቸው ነበር። «ሲጠፋህ ጠይቅ፤ መርሳት ነውር አይደለም» አሉት ኦሞድን። ወደ እኛ ዞሩና «ሲጠይቅ ደግሞ ድምፃችሁ ከፍ አይበል» አሉን። እኛ ከሞላ ጎደል ተማርን። ኦሞድ ግን አልጠየቀም። ሲጠፋው ይቆማል፤ ፊቱ ይጨልማል፤ እስክንደርስለት ይጠብቃል። ሲስተር በየሳምንቱ የሚጠይቁኝ ስለ ዓሣው አልነበረም። «ጠየቀ?» ይሉኛል። «ገና ነው ሲስተር» እላለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እንጠብቃለን» ይላሉ።

በዚህ ክረምት ታመሙ። ስጠይቃቸው ገባሁ፤ ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ባሮ ሞልቷል። «ኦጁሉ፣ ያንን…» ብለው ጀመሩና ቃሉ ጠፋቸው። አፌ ላይ ስንት ቃል መጣ። አልሞላሁላቸውም፤ ራሳቸው ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

«በጋ ሆነ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

የቀብራቸው ዕለት ጠዋት አጎታችን ኦባንግ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየኋቸው፤ ታንኳው ወደታሰረበት። ቃላቸውን አልረሳሁም፤ አንቺ የሄድሽ ቀን ብለው ነበር። ለሲስተር የማለቅስበትና ለወንድሜ የምፈራበት ልብ አንድ ልብ ነው፤ ሁለቱን መያዝ አቃተኝ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ኦሞድን አገኘሁትና በአንድ ትንፋሽ፣ «ከጸሎት ቤት አግዳሚዎቹን ወደ ሲስተር ግቢ አምጣ፣ በርሜሉን ውኃ ሙላ፣ ከታችኛው መንደር ሕሙማናቸው ዳር ላይ እየጠበቁ ነው፣ በታንኳ አምጣቸው» አልኩት። ሄደ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላ ነው።

አግዳሚዎቹ መጡ። በርሜሉ ሞላ። ከዚያ ኦሞድ በለቀስተኛው መካከል መጥቶ ፊቴ ቆመ። አጎታችን ከወንዙ ተመልሰው አጠገቤ ነበሩ። ቄሶቹ ነበሩ፣ የሆስፒታሉ ሰዎች ነበሩ፣ የገበያ ሴቶች ነበሩ። ፊቱ አልጨለመም።

«ኦጁሉ» አለኝ፤ «ሦስተኛው ምን ነበር?»

በሰው ሁሉ ፊት ጠየቀኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ወረደና ታንኳውን ፈታ።

ሳጥኑ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት መጣ፤ ታንኳው ሞልቶ፣ ያንን ሁሉ ሰው በጎርፍ ውስጥ ቀዝፎ። ሲስተር ከግንድ የፈቷቸው ሰዎች፣ እናቶቻቸው፣ ሚስቶቻቸው አንድ በአንድ ወረዱ። አጎታችን ዳሩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የታንኳውን ገመድ ከኦሞድ ተቀበሉ፤ እኔ ወሰዱት ብዬ ዓይኔን አዞርኩ። እርሳቸው ግን ውኃው ገና ካልሸፈነው ከድሮው ማሰሪያ ላይ አሰሩትና የገመዱን ጫፍ መልሰው በእጁ አስያዙት።

«ነገ ዓሣ አምጣልኝ» አሉት።

ጠበቁ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ሲስተር፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ልነጋገር፤ ዛሬ የምተረጉምልዎ ሰው የለም፣ እኔው ነኝ። ማንጎው ሥር ወንበርዎ አለ። ጥላው ሲደርስበት እናየዋለን፤ ማንም አልተቀመጠበትም። የሕሙማኑ ነገር አያሳስብዎት፤ ሌላ ነርስ ይመጣል ተብሏል፣ እስኪመጣ ኪኒኑን እናዳርሳለን። ያ የፊተኛው ወደብ አንድ ቀን ውኃውን የሚሞላለት ሰው ይገኝ ይሆናል፤ ሲገኝ ወንዙ ዳር ቆሜ እነግርዎታለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ። እርስዎ የእኔን ልብ ስለሚያውቁ ብዙ አላበዛብዎትም፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎና ይረፉ።

ጠይቋል፤ ታንኳውም እርሱ ጋ ነው።